ቪያ ላቴያ (የስኪ አካባቢ)

ቪያ ላቴያ በምዕራብ አልፕስ ተራሮች ላይ፣ በጣልያንና በፈረንሳይ ድንበር ግራና ቀኝ የሚገኝ ሰፊ የበረዶ ሸርተቴ (ስኪ) አካባቢ ነው። አብዛኛው ክፍሉ በጣልያን ፒየሞንቴ ክልል፣ ከቶሪኖ ከተማ በስተምዕራብ ሲሆን፣ ሞንጀኔቭር የተባለው መንደር ግን በፈረንሳይ ግዛት ውስጥ ነው። የየመንደሩ መንሸራተቻዎች በሊፍት ተያይዘው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መስመር ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ጠዋት ከጣልያን ተነሥቶ በስኪ ወደ ፈረንሳይ ሊሻገርና በዚያው ቀን ሊመለስ ይችላል።

አካባቢው በኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክም ስፍራ አለው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በየካቲት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ከቪያ ላቴያ መንደሮች አንዷ በሆነችው በፕራጄላቶ ነው።

## ስያሜ

«ቪያ ላቴያ» በጣልያንኛ «የወተት መንገድ» ማለት ሲሆን፣ በሌሊት ሰማይ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው የከዋክብት ጎዳና መጠሪያ ነው። ይኸው የከዋክብት ስብስብ በአማርኛ «ፍኖተ ሐሊብ» ይባላል፤ የግዕዙ ትርጉምም ያው የወተት መንገድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ «በረዶ» ሲባል ከዝናብ ጋር የሚወርደው ጠጠር መሳይ በረዶ ሳይሆን፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ ብሎ ወርዶ መሬት ላይ የሚከመረው ነው። «ክረምት» የሚለው ቃልም የአውሮፓውን የብርድ ወቅት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ያመለክታል። በኢትዮጵያ እነዚህ ወራት በጋ ናቸው።

## አቀማመጥና መንደሮች

አካባቢው በሱዛና በኪዞኔ ሸለቆዎች ላይ የተዘረጋ ነው። ዋና ዋና መንደሮቹና ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ የሚከተሉት ናቸው፦

- ሴስትሪዬሬ (ጣልያን)፦ 2,035 ሜትር። ሁለቱን ሸለቆዎች በሚያገናኘው በር ላይ የተሠራች ከተማ ናት።
- ሳውዜ ዱልክስ (ጣልያን)፦ ወደ 1,500 ሜትር።
- ሳንሲካሪዮ (ጣልያን)፦ ወደ 1,700 ሜትር።
- ቼዛና (ጣልያን)፦ ወደ 1,350 ሜትር።
- ክላቪዬሬ (ጣልያን)፦ ወደ 1,760 ሜትር። የድንበሩ የመጨረሻ የጣልያን መንደር ናት።
- ሞንጀኔቭር (ፈረንሳይ)፦ ወደ 1,850 ሜትር። በተመሳሳይ ስም በሚጠራው የተራራ በር ላይ ትገኛለች።
- ፕራጄላቶ (ጣልያን)፦ ወደ 1,500 ሜትር። ከሴስትሪዬሬ ጋር በኬብል ካር ተገናኝታለች።

ከሴስትሪዬሬ ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ተንሸራታች በመጀመሪያ በሊፍት ወደ ፍራይቴቬ ተራራ (ወደ 2,700 ሜትር) ይወጣል። ከዚያ ወደ ሳንሲካሪዮና ወደ ቼዛና ይወርዳል። ከቼዛና ደግሞ እንደገና በሊፍት ወጥቶ በክላቪዬሬ በኩል ሞንጀኔቭር ይደርሳል። ጉዞው ብዙ ሰዓት ስለሚወስድና ሊፍቶች ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለሚያቆሙ፣ ዘግይቶ የተነሣ ሰው መመለሻ ሊያጣ ይችላል።

## የስኪ አሠራር

ስኪ ረጅምና ጠባብ፣ ፊቱ ወደ ላይ የታጠፈ ጣውላ መሰል መሣሪያ ነው። ከጫማ ጋር ተያይዞ የሰውየውን ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ስለሚያሰራጭ፣ እግር ለስላሳው በረዶ ውስጥ እንዳይሰጥም ያደርጋል። ከታች ያለው ለስላሳ ገጽ ደግሞ በሰም ተቀብቶ እንዲንሸራተት ይደረጋል።

ስፖርቱ በሁለት ትልልቅ ዘርፎች ይከፈላል። የመጀመሪያው የቁልቁለት ስኪ ነው። በዚህ ዘርፍ የጫማው ተረከዝ ከስኪው ጋር ይታሰራል፤ ተንሸራታቹ ሽቅብ የሚወጣው በሊፍት ሲሆን ቁልቁል የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ፍጥነቱን የሚቀንሰው ስኪውን ወደ ጎን እያዞረ ተዳፋቱን በመቁረጥ ነው። ሁለተኛው አገር አቋራጭ ስኪ ነው። እዚህ ተረከዙ ነጻ ይሆናል፤ ተወዳዳሪው ሜዳውንም ሽቅቡንም በራሱ ጉልበት በሁለት ዘንጎች እየተገፋ ይሄዳል። ትንፋሽና ጽናት ስለሚጠይቅ ከረጅም ርቀት ሩጫ ጋር የሚቀራረበው ይህ ዘርፍ ነው።

ቪያ ላቴያ በዋናነት የቁልቁለት ስኪ አካባቢ ነው። ሰፊ ሊሆን የቻለውም በሊፍቶቹ ነው፤ ብዙ ሸለቆዎችን እንደ አንድ ሜዳ የሚያያይዟቸው እነርሱ ናቸው። መስመሮቹ እንደ አስቸጋሪነታቸው በቀለም ይለያሉ። በጣልያን ሰማያዊ ቀላሉን፣ ቀይ መካከለኛውን፣ ጥቁር ከባዱን ያመለክታል። በፈረንሳይ ከሰማያዊው በታች ለጀማሪዎች አረንጓዴ ተጨምሯል። ስለዚህ ድንበሩን የተሻገረ ሰው የምልክቱ ሥርዓት በጥቂቱ መቀየሩን ማወቅ አለበት።

## ታሪክ

በሞንጀኔቭር በር በኩል ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ይተላለፉበት ነበር። ሮማውያን ከጣልያን ወደ ደቡባዊ ጎል፣ ማለትም ወደ ዛሬው ደቡብ ፈረንሳይ፣ የሠሩት ቪያ ዶሚቲያ የተባለው መንገድ የሚያልፈው በዚህ በር ነበር።

ስኪ በአካባቢው የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በቶሪኖ ይኖር የነበረው የስዊዘርላንድ መሐንዲስ አዶልፎ ኪንድ እ.ኤ.አ. በ1896 ስኪ ከውጭ አስመጥቶ ለወዳጆቹ አሳየ። በ1901 የቶሪኖ ስኪ ክለብ ተመሠረተ። በፈረንሳይ በኩል ደግሞ በብሪያንሶን የሰፈረው የተራራ ጦር ስኪ ይለማመድ ነበር፤ በ1907 በሞንጀኔቭር ዓለም አቀፍ የስኪ ውድድር ተካሄደ።

ሴስትሪዬሬ እንደ ስኪ ከተማ የተሠራችው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። የፊያት የመኪና ፋብሪካ መሥራች የነበረው ጆቫኒ አኜሊ ባዶ በነበረው በር ላይ ሆቴሎችና ሊፍቶች አስገነባ። ክብ ማማ የሚመስሉት ሁለቱ ሆቴሎች እስከ ዛሬ የከተማዋ መለያ ናቸው። በ1997 የዓለም የቁልቁለት ስኪ ሻምፒዮና በሴስትሪዬሬ ተካሄደ።

## ድንበሩ

ዛሬ ተንሸራታቾች በቀላሉ የሚሻገሩት ድንበር የጦር ግንባር የነበረበት ጊዜ አለ። ከክላቪዬሬና ከሞንጀኔቭር በላይ በሚታየው በሻበርቶን ተራራ (3,131 ሜትር) ጫፍ ላይ ጣልያን ስምንት መድፎች ያሉት ምሽግ ሠርታ ነበር። ምሽጉ ብሪያንሶንን ለመምታት የታሰበ ሲሆን፣ ሰኔ 21 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ መድፈኞች ተደመሰሰ። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል መሠረት ተራራው ለፈረንሳይ ተሰጠ።

ድንበሩ አሁንም የሕግ ልዩነት አለው። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በጣልያን መስመሮች ላይ የሚንሸራተት ሰው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት መድን እንዲኖረው ይገደዳል። የሊፍት ቲኬቱም ለጣልያን ክፍል ብቻ ወይም ሞንጀኔቭርን ጨምሮ ለሁለቱም አገሮች ሊገዛ ይችላል።

ይኸው በር ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም። ፈረንሳይ በኅዳር 2015 የድንበር ቁጥጥሯን መልሳ ካጠናከረች በኋላ፣ በተለይ ከ2017 ጀምሮ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ስደተኞች ከክላቪዬሬ ወደ ሞንጀኔቭር በሌሊት በእግር ለመሻገር ሞክረዋል። ለብርድ የሚሆን ልብስና ጫማ ሳይኖራቸው በጥልቅ በረዶ ውስጥ ከሄዱት መካከል በውርጭ አካላቸው የተጎዳና ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። በጣልያን በኩል በኡልክስ፣ በፈረንሳይ በኩል በብሪያንሶን የበጎ ፈቃድ ሰዎች መጠለያ ከፍተው ያስተናግዷቸዋል። ቀን ለመዝናኛ የሚያገለግለው ተዳፋት ሌሊት ለሌላው አደገኛ መንገድ ነው።

## የ2006 ኦሊምፒክና ኢትዮጵያ

20ኛው የክረምት ኦሊምፒክ ከየካቲት 3 እስከ የካቲት 19 ቀን 1998 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 10–26፣ 2006) በቶሪኖ ተካሄደ። የተራራው ውድድሮች ብዙዎቹ በቪያ ላቴያ መንደሮች ተከፋፈሉ። የወንዶች የቁልቁለት ስኪ በሴስትሪዬሬ፣ የሴቶች የፍጥነት ውድድር በሳንሲካሪዮ፣ የትርኢት ስኪ በሳውዜ ዱልክስ፣ አገር አቋራጭና የስኪ ዝላይ በፕራጄላቶ ነበሩ።

ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም ነው። ሮቤል በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ሲሆን፣ ስኪ የተማረው በኒው ዮርክ ግዛት በሌክ ፕላሲድ ነው። በኋላም በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ የስኪ ቡድን ውስጥ ተወዳድሯል። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ለመሳተፍ በመጀመሪያ የስኪ ፌዴሬሽን ሊኖራት ይገባ ስለነበር፣ ፌዴሬሽኑን ያቋቋመው እርሱ ራሱ ነው። በረዶ በሌለበት ጊዜም ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር።

በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ሰንደቅ ዓላማውን ይዞ ከገባ በኋላ፣ የካቲት 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በፕራጄላቶ በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ተወዳድሮ 83ኛ ወጣ። ውድድሩን ያሸነፈው የኤስቶኒያው አንድሩስ ቬርፓሉ ነበር። በዚያው ውድድር ኬንያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ፊሊፕ ቦይትም ተሳትፎ ከሮቤል በኋላ ጨርሷል። ሮቤል ከአራት ዓመት በኋላ በካናዳ በተካሄደው የቫንኩቨር ኦሊምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር 93ኛ ሆኗል።

ከኦሊምፒኩ በኋላ ሁሉም ግንባታ አገልግሎት ላይ አልቆየም። በቼዛና የተሠራው የቦብስሌ (የበረዶ ጋሪ) መስመር የመንከባከቢያ ወጪው ስለከበደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ። የፕራጄላቶው የዝላይ ማማም ያለ ሥራ ቆሟል። ሊፍቶቹና የቁልቁለት መስመሮቹ ግን ዛሬም ይሠራሉ።

## በረዶው በዚህ ከፍታ ለምን ይከመራል?

ብዙ ሰው በረዶን ከከፍታ ጋር ብቻ ያያይዘዋል። ይህ በቂ አለመሆኑን ለማየት ሞንጀኔቭርን በደቡብ ጎንደር ካለው ከፎገራ ሜዳ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ወረታ ከተማ የምትገኝበት የፎገራ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ አለው። ይህም ከሞንጀኔቭር ጋር የሚስተካከልና ከፕራጄላቶ የሚበልጥ ነው። ሆኖም በሞንጀኔቭር በረዶ ለወራት ተከምሮ ሲቆይ፣ በፎገራ በዚያው ወቅት ጓያና ሽምብራ ይበቅላል። ልዩነቱ ሦስት ምክንያቶች አሉት።

የመጀመሪያው የፀሐይ አቀማመጥ ነው። ፎገራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12ኛው ዲግሪ፣ ሞንጀኔቭር በ45ኛው ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በፎገራ ከአድማስ በላይ ወደ 55 ዲግሪ ትቆማለች፤ በሞንጀኔቭር ግን ከ22 ዲግሪ አትበልጥም። ብርሃኗ አግድም ስለሚመጣ በሰፊ መሬት ላይ ይበተናል። የቀኑም ርዝመት በፎገራ ከ11 ሰዓት በላይ ሲሆን በሞንጀኔቭር 9 ሰዓት አይሞላም። በረዶው ራሱ ነጭ በመሆኑ አብዛኛውን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ፣ አንዴ ከተከመረ በቀላሉ አይቀልጥም።

ሁለተኛው የሙቀት መጠን ነው። አየር ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። የፎገራ አማካይ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ አማካዩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል በላይ 4,900 ሜትር ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። በሰሜን ተራሮች ጫፍ አልፎ አልፎ በረዶ ቢወርድም ቶሎ የሚቀልጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ ለምድር ወገብ ይበልጥ ቢቀርብም ግግር በረዶ አለው።

ሦስተኛው የወቅቶች መገጣጠም ነው። በአልፕስ ብርዱና እርጥበቱ በአንድ ወቅት ይመጣሉ። በደቡብ ጎንደር ግን ሌሊቱ በጣም የሚቀዘቅዝባቸው ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፤ ዝናቡ የሚመጣው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ብርድ ሲኖር ዝናብ የለም፤ ዝናብ ሲኖር ውርጭ የለም።

ይህ ማለት ኢትዮጵያ ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች ማለት አይደለም። በጥንቱ የበረዶ ዘመን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ እንደነበረ የድንጋዩና የአፈሩ ቅርጽ ይመሰክራል።

## በረዶና የሩዝ ማሳ

የስኪ መስመሩ የተነጠፈበት በረዶ የተከማቸ ውሃ ነው። አዲስ የወረደ 10 ሴንቲ ሜትር በረዶ ሲቀልጥ በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይሆናል። ክረምቱን ሙሉ በተራራው ላይ የቆየው በረዶ ከሚያዝያ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀለጠ ወንዞችን ይመግባል።

የቪያ ላቴያ ውሃ ወደ ሁለት አገሮች ይከፈላል። ከሞንጀኔቭር በላይ የሚመነጨው ዱራንስ ወደ ፈረንሳይ ወርዶ ከሮን ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ዶራ ሪፓሪያና ኪዞኔ ደግሞ ወደ ጣልያን ወርደው በመጨረሻ የፖ ወንዝ ገባር ይሆናሉ። ከቶሪኖ በታች በኪቫሶ ከፖ ወንዝ የሚነሣው የካቩር ቦይ እ.ኤ.አ. በ1866 የተከፈተ ሲሆን፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። ቦዩ የሚያጠጣው በቬርቼሊና በኖቫራ አካባቢ ያሉትን የሩዝ ማሳዎች ነው። ስለዚህ በሴስትሪዬሬ ሰው ከሚንሸራተትበት በረዶ የተወሰነው በበጋ በሩዝ ማሳ ውስጥ ይተኛል።

ፎገራም የሩዝ አገር ነው። ሩዝ በደርግ ዘመን ወደ ሜዳው ከገባ በኋላ፣ ውሃ ስለሚተኛበት ሌላ ሰብል የማይስማማው መሬት ዋና ምርት ሆኗል፤ በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ይገኛል። የፎገራ ውሃ የሚመጣው በርብና በጉማራ ወንዞች ሲሆን፣ ሁለቱም የሚነሡት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ ነው። ጉና ግን ዝናቡን በበረዶ መልክ አያቆየውም፤ ውሃው በሐምሌና በነሐሴ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ብዙ የፎገራ ነዋሪዎችን ከቤታቸው ያፈናቀለው በዚህ ምክንያት ነው። በአልፕስ በረዶው በተፈጥሮ የሚሠራውን ሥራ በፎገራ እንዲሠሩ የሚጠበቅባቸው የርብ ግድብ፣ የጣና ዳር ረግረግና በጉና ላይ ያለው ሣርና ዛፍ ናቸው።

## የአየር ንብረት ለውጥ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የአልፕስ ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ጨምሯል፤ ይህም ከዓለም አማካይ በእጅጉ የሚበልጥ ነው። ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ስፍራዎች በረዶው ዘግይቶ ይመጣል፣ ቀድሞም ይቀልጣል። ከላይ ከተዘረዘሩት መንደሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ያለችው ሴስትሪዬሬ ብቻ ናት።

የስኪ ድርጅቶች ለዚህ የሰጡት መልስ ሰው ሠራሽ በረዶ ነው። ውሃ በግፊት ካለው አየር ጋር ተቀላቅሎ በትልልቅ መርጫ ወደ ላይ ሲበተን፣ አየሩ ከዜሮ በታች ቢያንስ ሁለት ዲግሪ ከሆነ፣ ጠብታዎቹ መሬት ሳይደርሱ ይረጋሉ። ዘዴው መስመሮቹን ለማቆየት ቢረዳም ብዙ ኤሌክትሪክና ከኩሬ የሚወሰድ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ አየሩ ካልቀዘቀዘም አይሠራም።

ጉዳዩ ከመዝናኛ ያለፈ መሆኑ በ2022 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ክረምቱ ጥቂት በረዶ ጥሎ ካለፈ በኋላ ዝናቡም ሲጠፋ፣ የፖ ወንዝ በ70 ዓመት ውስጥ ታይቶ ወደማያውቅ ዝቅተኛ መጠን ወረደ። የጣልያን መንግሥትም በሐምሌ ወር ፒየሞንቴን ጨምሮ በአምስት ሰሜናዊ ክልሎች የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። የቪያ ላቴያ ተንሸራታቾች ያጡት የተወሰኑ ቀናትን ሲሆን፣ በፖ ሸለቆ ያሉ የሩዝ ገበሬዎች ግን የደረቀ ማሳ ቀርቶባቸዋል።